የሰፋው ድምፅ እና የጠበበው ቤት፦ መገናኛ ብዙኃን፣ ወቅፍ እና ሲቪል ማኅበረሰብ በዐረቡ ዓለም

መግቢያ

በዐረቡ ዓለም መገናኛ ብዙኃን፣ ሉላዊነት እና ሲቪል ማኅበረሰብ ስላላቸው ትስስር ሲወሳ ትረካው አብዛኛውን ጊዜ ከ1990ዎቹ ይጀምራል። ሳተላይት መጣ፣ መንግሥታት በዜና ላይ የነበራቸው ብቸኛ ሥልጣን ተሰበረ፣ ሕዝብም ተናገረ ይባላል። ከዚህ በተቃራኒ የቆሙ ጸሐፊዎች ደግሞ ሲቪል ማኅበረሰብ የሚባለው ነገር ከነስሙ ከምዕራብ የመጣ እንግዳ አሳብ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ከመካከሉ ይጀምራሉ። ከሳተላይቱ በፊት ካሴት፣ ከካሴቱ በፊት ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው በፊት ኅትመት ነበረ። ከዘመናዊ ማኅበራት በፊትም መስጂዱን፣ መድረሳውን፣ ሆስፒታሉን እና የመንገደኛውን የውኃ ማደያ ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆመ ወቅፍ ነበረ።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዐረቡ ዓለም ድምፅን የሚያሰራጨው መሣሪያ በየዘመኑ እየሰፋ ሄዷል፤ ያንን ድምፅ የሚሸከመው ነጻ ተቋም፣ በተለይም ወቅፍ እና በራሳቸው ገንዘብ የሚተዳደሩ ማኅበራት፣ በዚያው ልክ እየጠበበ ሄዷል። ይህን ለማሳየት በዋናነት ግብፅን እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ቀጠር እና ወደ ቱኒዝያ እንሻገራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አል-ጀበርቲ እና የታተመው ዐዋጅ

በሐምሌ 1798 የናፖሊዮን ጦር እስክንድርያ ላይ ሲወርድ ከመድፉ ጋር ማተሚያ ይዞ ነበር። የዐረብኛው ፊደል ሮም ከሚገኘው የካቶሊክ ስብከት ማተሚያ ቤት የተወሰደ ነው። በዚሁ ማተሚያ የታተመው ዐዋጅ ፈረንሳውያን የእስልምና ወዳጆች እንደሆኑ ለግብፅ ሕዝብ የሚያበሥር ነበር። የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ይህን ወረቀት ተቀብሎ እንደ አንድ የመድረሳ ኪታብ ሐረግ በሐረግ መረመረው። የሰዋስው ስሕተቱን ነቀሰ፤ ከስሕተቱ ሥር ያለውን ማታለልም አሳየ። በግብፅ ምድር ለተሰራጨው ለመጀመሪያው የታተመ ፕሮፓጋንዳ የተሰጠው መልስ የአንድ ዓሊም ተሕቂቅ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የዚህ ሊቅ ስም ከእኛ ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ቀደምቶቹ ከጀበርት ምድር፣ በዘይላዕ በኩል፣ በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ወደ ካይሮ የተሻገሩ ሲሆኑ፣ በአል-አዝሀር የሪዋቀል ጀበርት ሹሞች ሆነው ቆይተዋል። ከሀገራችን ለዒልም የተሰደደ ደረሳ በዚያ ሪዋቅ ማደሪያ ያገኝ ነበር። ለደረሳው የሚታደለው ዳቦ ከወቅፍ የሚመጣ እንጂ ከገዥው ግምጃ ቤት የሚወጣ አልነበረም። ዑለማዎች በገዥው ፊት ቆመው ለመናገር ያስቻላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1805 ሙሐመድ ዓሊን ለግብፅ ገዥነት ያበቃው ንቅናቄ የተመራው በነቂቡል አሽራፍ ዑመር መክረም እና በአል-አዝሀር ሸይኾች ነበር።

ሙሐመድ ዓሊ ግን ያነገሠው ኃይል ሊያወርደውም እንደሚችል አልጠፋውም። በ1809 ቀረጡን የተቃወመውን ዑመር መክረምን ወደ ዲምያጥ አጋዘው። በተከታዮቹ ዓመታት ለመስጂድና ለመድረሳ የተመደቡትን የእርሻ መሬቶች በቀረጥና በመሬት ልኬት አማካይነት በመንግሥት እጅ አስገባ። አል-ጀበርቲ ይህን በምሬት መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ በ1820 የቡላቅ ማተሚያ ቤት ተመሠረተ፤ በ1828 ደግሞ አል-ወቃኢዕ አል-ሚስሪያ የተባለው የመንግሥት ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። የአል-ጀበርቲ ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ በሀገሩ ማተሚያ ቤት በሙሉ የታተመው እርሱ ካለፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1880 ግድም ነው። እንግዲህ ማተሚያውን የከፈተው እጅ ወቅፉን የወሰደው እጅ ነበር። በታሪካችን ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው አካሄድ እዚህ ላይ ይጀምራል።

የኅትመት ዘመን፦ ከገዥው ወደ ማኅበሩ

ኅትመት በገዥው እጅ ብቻ አልቀረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የግል ጋዜጦች በዙ፤ አል-አህራም በ1876 እስክንድርያ ላይ ተጀመረ። ሸይኽ ሙሐመድ ዐብዱህ በ1880 የመንግሥቱ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነው ነበር፤ ከዑራቢ ንቅናቄ መውደቅ በኋላ ተሰደው ከጀማሉዲን አል-አፍጋኒ ጋር በ1884 ፓሪስ ላይ አል-ዑርወቱል ውስቃን አወጡ። መጽሔቱ ዐሥራ ስምንት እትም ብቻ ነው የኖረው፤ እንግሊዞች ወደ ግብፅና ወደ ህንድ እንዳይገባ ከለከሉት። በአንድ አውሮፓዊ ከተማ የታተመ የዐረብኛ ወረቀት በሁለት አህጉር ያሉ ሙስሊሞችን ሲያነጋግር ሉላዊነት የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ነገሩ ግን ነበረ።

ከእርሱ የረዘመ ዕድሜ ያገኘው ሸይኽ ረሺድ ሪዳ ከ1898 ጀምሮ እስከ ሞቱ፣ እስከ 1935፣ ካይሮ ላይ ያሳተመው አል-መናር ነው። የመጽሔቱ የፈትዋ ዓምድ ከጃቫ፣ ከሲንጋፖር፣ ከህንድና ከሌሎችም ሀገሮች ጥያቄ ይቀበል ነበር። በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በቦርንዮ ደሴት፣ የሰምበስ ሱልጣኔት ታላቅ ዓሊም የነበሩት ሙሐመድ በስዩኒ ዒምራን ሙስሊሞች ለምን ወደ ኋላ እንደቀሩ፣ ሌሎች ለምን እንደቀደሙ በደብዳቤ ጠየቁ። ሸኪብ አርሰላን በ1930 በዚያው መጽሔት የሰጠው መልስ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ በብዙ ቋንቋ ተነበበ። ጠያቂው ከአንድ ሩቅ ደሴት፣ መልስ ሰጪው በአውሮፓ ከሚኖር ስደተኛ፣ ማተሚያው ካይሮ ነበር። የዘመናችን የቀጥታ ስልክ ፕሮግራም አያት ይህ ነው።

የዚህ ዘመን ልዩ ባሕርይ ወረቀቱ ከማኅበር ጋር አብሮ መሄዱ ነው። በ1892 ካይሮ ላይ የተቋቋመው ኢስላማዊ የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ ሙሐመድ ዐብዱህ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት፣ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1908 የተመረቀው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው ካይሮ ዩኒቨርሲቲ፣ የተመሠረተው በሕዝብ መዋጮ ነው። የኸዲቭ ኢስማዒል ልጅ ልዕልት ፋጢማ ለሕንፃው መሬት፣ ለመተዳደሪያው የወቅፍ እርሻ ሰጠች፤ ጌጣጌጧንም ለገሰች። ጋዜጣው አሳቡን አሰማ፤ ወቅፉና መዋጮው ደግሞ አሳቡን ሕንፃ አደረገው። እነዚህ ሁለቱ አብረው የቆሙባቸው ዓመታት ፍሬያማ እንደነበሩ መካድ አይቻልም።

ሬዲዮ እና የወቅፍ መወረስ

ከ1952 በኋላ ሁለቱ ተለያዩ። ሐምሌ 1952 ሥልጣን የያዙት መኮንኖች በዚያው ዓመት በሕግ ቁጥር 180 የቤተሰብ ወቅፍን ሻሩ። በ1953 በወጣው ሕግ ቁጥር 247 የበጎ አድራጎት ወቅፍ ወደ ወቅፍ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ ሚኒስቴሩም ገቢውን ዋቂፉ ካዘዘው ዓላማ ውጭ እንዲያውለው ተፈቀደለት። የዋቂፍን ቅድመ ሁኔታ ማክበር በፉቀሃእ ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለሚያውቅ አንባቢ የዚህ አንቀጽ ትርጉም ግልጽ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን የለውጡን ምክንያትም መጥቀስ ይገባል። የቤተሰብ ወቅፍ በየትውልዱ እየተከፋፈለ የባለድርሻው ቁጥር በዝቶ፣ ድርሻው ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ነበር። ገቢውን ለራሳቸው የሚያውሉ ናዚሮችም ነበሩ። መሬቱ በአግባቡ ስለማይለማ ቅሬታው ከአብዮቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በዑለማዎችም ጭምር የሚነሣ ነበር። ስለዚህ ወቅፍ የተወረሰው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የነበረው የአስተዳደር ድካም በሩን ከፍቶለታል። መድኀኒቱ ግን ሕመሙን ትቶ ሕመምተኛውን ወሰደ።

በዚያው በ1953፣ ሐምሌ 4 ቀን፣ ሰውቱል ዐረብ ከካይሮ መሰማት ጀመረ። መነሻው በቀን የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ከሞሮኮ እስከ የመን የሚሰማ ጣቢያ ሆነ። ርካሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲስፋፋ ማንበብ የማይችለው ገበሬና ግመል ነጂው ሳይቀር የአንድ ትልቅ ሸንጎ ታዳሚ ሆነ። ለአልጄርያ ነጻነት ትግል ያደረገው ድጋፍ የሚዘነጋ አይደለም። ድምፁ እንዲህ ሲሰፋ በሀገር ውስጥ ያለው ቤት እየጠበበ ነበር። በ1960 ታላላቅ ጋዜጦች ከግል ባለቤትነት ተወስደው ለገዥው የፖለቲካ ድርጅት ተሰጡ። በ1961 ሕግ ቁጥር 103 አል-አዝሀርን በመንግሥት መዋቅር ውስጥ አደራጀ። በ1964 ሕግ ቁጥር 32 የማኅበራትን የሥራ አመራር የመሾም፣ ማኅበራትን የማዋሐድና የማፍረስ ሥልጣን ለማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰጠ። የቁርኣን ሬዲዮ ሥርጭቱን የጀመረውም በዚሁ በ1964 ነው። ቁርኣን በየቤቱ ተሰማ፤ ቁርኣን አስቀሪውን የሚያስተዳድረው ወቅፍ ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር።

የዚህ ጋብቻ ውጤት በሰኔ 1967 ታየ። ጦሩ እየተሸነፈ ሳለ ሰውቱል ዐረብ የጠላት አውሮፕላኖች በብዛት እንደወደቁ ይናገር ነበር። እውነቱ ሲገለጥ ሕዝቡ ከመሬቱ ጋር እምነቱን አጣ። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ዜናን አጣርቶ መያዝን ያዘዘው ሰዎች ሳያውቁ በሌሎች ላይ ጉዳት አድርሰው እንዳይጸጸቱ ነው። ማጣራት ግን አጣሪ ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት በካይሮ ጣቢያውን ተሳስተሃል ሊል የሚችል ነጻ ጋዜጣ፣ ነጻ ማኅበር ወይም በራሱ ወቅፍ የቆመ የዑለማ ጉባኤ አልነበረም።

ካሴት፦ ያለ ቤት የተጓዘ ሚንበር

በ1970ዎቹ ርካሽ የካሴት መቅረጫ ገበያውን ሲሞላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዓይነ ስውሩ ሸይኽ ዐብዱል ሐሚድ ኪሽክ (1933–1996) በካይሮ ዓይኑል ሐያት መስጂድ የሚያደርጉት የጁሙዓ ኹጥባ በካሴት እየተባዛ በታክሲ፣ በሱቅና በቡና ቤት ይሰማ ነበር። ከግብፅም አልፎ የዐረብ ሠራተኞች በተሰደዱበት አውሮፓ ሳይቀር ደረሰ። ለዚህ የተፈቀደ ድግግሞሽ ሞገድ፣ የተመዘገበ ጋዜጣ፣ ትልቅ ገንዘብ አላስፈለገም። አንዱ ቀድቶ ለሌላው ይሰጣል።

በመስከረም 1981 ሸይኹ ከብዙ ሌሎች ጋር ታሰሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲፈቱ ወደ ሚንበራቸው አልተመለሱም። ካሴቱ ግን መዞሩን አላቆመም። ይህ የካሴቱን ብርታትና ድካም በአንድነት ያሳያል። ድምፁን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። ሆኖም ከአድማጩ ጋር የሚያገናኝ ጉባኤ፣ ጥያቄ የሚመለስበት ሐለቃ፣ ተማሪ የሚተካበት ተቋም አብሮት አልተጓዘም። ካሴት ሰሚ ኹጥባውን በቃሉ ይይዛል፤ ከሸይኹ ፊት ተቀምጦ የተረዳውን አያሳርምም። በመድረሳ ያደገ ሰው ይህ ልዩነት ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሳተላይት፦ ተመልካች እና አባል

የዐረብ ሊግ በ1976 ያቋቋመው ዐረብሳት የመጀመሪያ ሳተላይቱን ያመጠቀው በ1985 ነው። ለበርካታ ዓመታት ግን ከመንግሥታት ቴሌቪዥን በቀር የሚጠቀምበት አልነበረም። ለውጡን ያመጣው የ1990–91 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ነው። በዐረቦች ምድር የሚካሄደውን ጦርነት ዐረቦች የሚከታተሉት ከአሜሪካ በሚመጣ ሥርጭት ሆነ። በ1991 ኤምቢሲ ለንደን ላይ ተጀመረ። ቀጥሎ ቢቢሲ ከአንድ የሳዑዲ ኩባንያ ጋር በመተባበር የዐረብኛ ቴሌቪዥን ከፈተ፤ በ1996 በይዘቱ ላይ አለመግባባት ተፈጥሮ ሽርክናው ሲፈርስ ጣቢያው ተዘጋ። ከሥራ ከተፈናቀሉት ጋዜጠኞች ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን ዶሐ ላይ ሥርጭቱን ወደ ጀመረው አል-ጀዚራ ገቡ። መነሻ ገንዘቡ ከቀጠር አሚር የተሰጠ 500 ሚሊዮን ሪያል ነበር።

አል-ጀዚራ ያመጣው ለውጥ ከፍተኛ ነው። ተቃዋሚና ደጋፊ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ ከአልጄርያና ከሰንዓ የደወለ ተራ ሰው በቀጥታ ተናገረ። አሽ-ሸሪዓ ወል-ሐያት በተባለው ፕሮግራም ዶክተር ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ (በ2022 አረፉ) ለሚሊዮኖች ፈትዋ ሰጡ። የአል-መናር የፈትዋ ዓምድ በወራት የሚመልሰውን ሳተላይቱ በደቂቃ መለሰ። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች አዲስ የዐረብ ሕዝባዊ አደባባይ ተወለደ ብለው ጻፉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት መደረግ አለበት። ተመልካች እና አባል አንድ አይደሉም። አባል መዋጮ ይከፍላል፣ ይመርጣል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ሲታመም ይጠየቃል። ተመልካች ግን ጣቢያ መቀየር እንጂ ጣቢያውን መቀየር አይችልም። ታላላቆቹ ጣቢያዎች በማስታወቂያ ገቢ ወይም በተመልካች መዋጮ የቆሙ አልነበሩም፤ በስተጀርባቸው መንግሥት ወይም ለመንግሥት የቀረበ ባለሀብት ነበረ። ስለዚህም የጣቢያው ነጻነት ወሰን የባለቤቱ ድንበር ሆነ። የሌላውን ሀገር ገዥ የሚተች ጣቢያ ስለ አስተናጋጁ ሀገር ዝም ይላል። የዐረብ ሊግ የማስታወቂያ ሚኒስትሮች በየካቲት 2008 ካይሮ ላይ ሳተላይትን የሚገድብ ቻርተር ሲያጸድቁ ቀጠርና ሊባኖስ አልተስማሙም። በሰኔ 2017 አራት መንግሥታት በቀጠር ላይ ዕገዳ ጥለው ካቀረቧቸው ዐሥራ ሦስት ጥያቄዎች አንዱ አል-ጀዚራ እንዲዘጋ ነበር። የሚሊዮኖች ድምፅ የተባለው ጉዳይ በመንግሥታት መካከል የሚደራደሩበት ዕቃ ሆኖ ታየ።

2011፦ መስመሩ ሲቆረጥ

የዚህ ሁሉ መፈተኛ 2011 ነው። በግብፅ የተቃውሞ ጥሪው በኢንተርኔት ተሰራጨ፤ ምስሉ በሳተላይት ታየ። ጥር 28 ቀን ሌሊት ግን መንግሥት ኢንተርኔትንና የሞባይል ስልክን ቆረጠ። ኢንተርኔቱ ለአምስት ቀናት ያህል ጠፋ። ብዙ የሚጠቀሰው ያ ዓርብ ሰልፍ የወጣው በመልእክት ልውውጥ ሳይሆን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከመስጂዶች ደጃፍ ነበር። ሰዓቱ የታወቀ፣ ቦታው የታወቀ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት ጉባኤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። መስመሩ ሲቆረጥ ጸንቶ የተገኘው ሰዎች በአካል የሚገናኙበት ተቋም ነበር።

ይሁን እንጂ መሰብሰብ ብቻውን ማስተዳደር አይደለም። ከሐምሌ 3 ቀን 2013 በኋላ በግብፅ በርካታ ሃይማኖታዊ ጣቢያዎች በዚያው ሌሊት ተዘጉ። በዓመቱ መጨረሻ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ኢስላማዊ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ገንዘብ ታገደ፤ በ1912 የተመሠረተው አል-ጀምዒያ አሽ-ሸርዒያም ከእነርሱ መካከል ነበረ። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን የግል ገጽ እንደ መገናኛ ብዙኃን የሚቆጣጠር ሆነ።

በቱኒዝያ ነገሩ ለጊዜው ሌላ መንገድ ያዘ። በ2013 ሀገሪቱ ወደ ግጭት ስታዘነብል ወገኖችን ወደ ድርድር ያመጡት የሠራተኞች ማኅበር፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብኣዊ መብት ሊግ እና የጠበቆች ማኅበር ናቸው፤ አራቱ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ከሁሉም የጠነከረው የሠራተኞች ማኅበር በ1946 ሲመሠረት ዋና ጸሐፊው ፈርሐት ሐሻድ፣ ፕሬዝዳንቱ ደግሞ የዘይቱናው ዓሊም ሸይኽ ሙሐመድ አል-ፋዲል ኢብን ዓሹር (ረሒመሁላህ) ነበሩ። ሲቪል ማኅበረሰብ ለዑለማ እንግዳ ነው ለሚሉ ወገኖች ይህ በቂ መልስ ይመስለናል። ማኅበሩ ከስድሳ ዓመታት በላይ የቆየው በአባላቱ መዋጮና በየከተማው ባሉት ቅርንጫፎቹ ነው። በ2013 ሲናገር ይደመጥ የነበረውም ከኋላው አባል ስለነበረው ነው።

ይህም ቢሆን ዘላቂ ዋስትና አልሆነም። በሐምሌ 2021 የቱኒዝያ ምክር ቤት ታገደ፤ በ2022 በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 54 ሐሰተኛ ወሬ በሚል ክስ ጋዜጠኞችና ጠበቆች ታሰሩ። ተቋም ያለው ማኅበረሰብ አይወድቅም ማለታችን አይደለም። ተቋም የሌለው ማኅበረሰብ ግን ለመነሣት የሚደገፍበት አያገኝም።

መደምደሚያ

በዐረብኛ ለሲቪል ማኅበረሰብ ሁለት ስሞች አሉ። አል-ሙጅተመዕ አል-መደኒ የሚለው አዲሱ ትርጉም ነው፤ አል-ሙጅተመዕ አል-አህሊ የሚለው ደግሞ ሰዎች ከመንግሥት ሳይጠብቁ በራሳቸው ገንዘብና ኀላፊነት የሚያቆሙትን ሁሉ የሚያጠቃልል ነባር አነጋገር ነው። ከአል-ጀበርቲ ዘመን ጀምሮ የተከታተልነው ታሪክ የሚያስረዳው የሁለተኛውን ስም ክብደት ነው። የዐረቡ ዓለም የድምፅ ድኽነት ያለበትን ዘመን አልፏል። የጎደለው ድምፁን የሚሸከም፣ ሒሳቡን ለአባላቱ የሚያቀርብ፣ ባለቤቱ ሲቀየር የማይፈርስ ቤት ነው።

ለመምህራንና ለኢማሞች ከዚህ የሚከተል ሥራ አለ። በመድረሳዎቻችን በሚቀራው የኢማሙ ነወዊ ሚንሃጅ ውስጥ የወቅፍ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ለፈተና ተብሎ ይታለፋል። ምዕራፉ ስለ መሬትና ስለ ወራሽ ብቻ የሚናገር ሆኖ መቅራት የለበትም። የናዚር ታማኝነት፣ የዋቂፍ ቅድመ ሁኔታ፣ የሒሳብ ተጠያቂነት አንድ ማኅበረሰብ ድምፁን ሳይለምን የሚያሰማባቸው ምሰሶዎች መሆናቸውን ደረሳው ከታሪክ ጋር አያይዞ ሊረዳ ይገባዋል። የግብፅ ናዚሮች ያጎደሉት አማና ለወቅፍ መወረስ ሰበብ እንደሆነም አብሮ ይነገረው። ኹጥባው በስልክ ተቀርጾ ሩቅ ሀገር መድረሱ መልካም ነው። የሚቀድመው ግን ኹጥባው የተደረገበት መስጂድ ሒሳቡ የጠራ፣ ሐለቃው የማይቋረጥ፣ ኢማሙ ሲያልፍ ተተኪው የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ድምፅ ከቤቱ የሚወጣው ቤቱ ሲኖር ነውና። ወላሁ አዕለም።